ስለ ወተት ፍየል አያያዝ፤ በአነስተኛ ይዞታ ላይ አብረዋት ስለሚረቡትም እንስሳት የቀረበ ትምህርት

ለአገር አስተዳዳሪዎች፤ ለባለ መሬቶችና ለወረዳ ሹማምንት

ከየወረዳው ወደ መሥሪያ ቤታችን ከሚመጡት ደብዳቤዎች መካከል ስለ ላምና ስለ በሬ የሚጠይቀው እጅግ ብዙ ነው፤ ስለ በግም የሚጠይቅ አይጠፋም። ስለ ፍየል ወተት የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን በዚህ ሥራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ በእጄ የገባው ከዐሥር ጣቶቼ ቍጥር አይበልጥም። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። በደጋው አገር ፍየል ለሥጋዋና ለቆዳዋ እንጂ ለወተቷ ብዙ ጊዜ አትታሰብም፤ ወተቷን መጠጣት እንደ ነውር የሚቈጥርም ሰው አለ። በአፋር፤ በሱማሌና በቦረና ቈላ ግን የፍየል ወተት ለሕፃናት ዋና ሲሳይ ነው፤ ጠቢቡ ሰሎሞንም በምሳሌው የፍየልን ወተት ለቤተ ሰብ ከሚበቃ ምግብ ቈጥሮታል። እኔ ራሴ ዳዊት የደገምሁበት ብራና የፍየል ቆዳ ነበረ፤ ወተቷን ግን የቀመስሁት ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ሚሲዮን ተማሪ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እንግዲህ ፍየል ንባብን አስቀድማ አስተምራኝ፤ ቍርሴን በኋላ ሰጠችኝ ማለት ነው።

ይህ ትምህርት የሚጻፈው ሰፊ ግጦሽ ላለው ሰው አይደለም። ሰፊ ግጦሽ ያለው ላም ያርባ። የሚጻፈው ግማሽ ሄክታር ወይም ከዚያ ያነሰ መሬት ይዘው፤ ሕፃናት ኖረዋቸው፤ ላም ለመግዛት ገንዘብ፤ ገዝተውም ለማብላት መኖ ስለሌላቸው ቤተ ሰቦች፤ እነርሱንም ለመርዳት ሥልጣን ወይም መሬት ስላላቸው ሰዎች ነው።

አንዲት የአገራችን ላም 250 ኪሎ ያህል ትመዝናለች ብንልና አንዲቱን የአገር ፍየል ከ25 እስከ 30 ኪሎ ብናደርጋት፤ አንዲቱ ላም በምትበላው መኖ ከ8 እስከ 10 ፍየሎች ሊኖሩበት ይቻላል። ላም 9 ወር ታረግዛለች፤ አንድ ጥጃም ትወልዳለች፤ ፍየል 5 ወር ይኸውም 150 ቀን ያህል አርግዛ ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ላሚቱ ብትሞት የቤቱ ሀብት ባንድ ቀን ያልቃል፤ ከአምስት ፍየሎች አንዲቱ ብትሞት ግን አራቱ ይቀራሉ። ሕፃን ታሞ መድኃኒት ቢያስፈልግ ላምን እግሯን ቈርጦ መሸጥ አይቻልም፤ ፍየል ግን ተሸጣ ሌላው መንጋ በቤት ይቈያል። በጀርመን አገር በቀድሞው ዘመን ፍየልን የባቡር ሠራተኛ ላም ብለው ይጠሯት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሐዲድ ሠራተኛው ሜዳ ስላልነበረው በሐዲዱ ዳር ባለው ሣር ያኖራት ነበርና።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ፤ የፍየል ነገር እንዴት እንደሚበላሽ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያበላሸሁት እኔ ስለ ሆንሁ አውቀዋለሁና።

በ1998 ዓ.ም. ስሟን በማልጠራት በአንዲት ወይና ደጋ ወረዳ ለድኾች ቤተ ሰቦች ፍየል እንዲታደል ገንዘብ ተገኘ። ገንዘቡ የደረሰው በግንቦት መጨረሻ ነው፤ የበጀት ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ስለዚህ 120 ፍየሎች በአንድ ሳምንት ተገዝተው ለ60 ቤቶች ሁለት ሁለት እንዲታደሉ የሚያዝዝ ደብዳቤ ወጣ፤ ደብዳቤውንም ያረቀቅሁት እኔ ነበርሁ። ጽሕፈቱ መልካም ነበረ፤ አለቃዬም አመስግኖኝ ነበር። ገዢዎቹ በሦስት ገበያ ተበትነው የተገኘውን ሁሉ ገዙ፤ በአንድ በረት አጐሩ፤ በሦስተኛው ቀን አደሉ። ዝናቡም ጀምሮ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፍየሎቹ ዐይናቸውና አፍንጫቸው ይፈስ፤ አፋቸው ይቈስል፤ ተቅማጥ ያጣድፋቸው፤ ያስሉም ጀመር። የተሰጡት ፍየሎች ብቻ አልሞቱም፤ በመንደሩ አስቀድሞ የነበሩትም አብረው አለቁ።

ነገሩን እንድመለከት ተልኬ ሄድሁ። አንዲት ባልቴት በደጃፏ ተቀምጣ አገኘኋት። «እመት፤ ስንት ሞተብዎ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ጌታዬ፤ የሰጣችሁኝ ሁለት ነበሩ፤ እነዚያስ የመጡበት ሄዱ ልበል። የኔ አራት ነበሩ። እነርሱን ለማን ልጻፍ?» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። በሪፖርቱ ላይ የጻፍሁት የሞቱትን የታደሉ ፍየሎች ቍጥር ብቻ ነበር፤ ለባልቴቲቱ አራት ፍየሎች በሰንጠረዡ ላይ ዐምድ አልተሠራላቸውምና። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ፍየል ዕደላ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ቀኑ ነው።

ያ በሽታ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከከብት ደስታ በሽታ ጋራ ዘመድ ስለ ሆነ ነው፤ ይህም ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በቈየው በክፉ ቀን የአገራችንን ከብት ከሞላ ጐደል የጨረሰው ነው። የከብቱ ደስታ በክትባትና በብርቱ ትጋት ድል ሆኖ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም እንደ ጠፋ ታወጀ። የፍየሉ ግን ገና አለ፤ መንግሥታትም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እስከ 2030 ዓ.ም. ሊያጠፉት ተስማምተዋል። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ የተከተበች ፍየልም እስከ 3 ዓመት ትጠበቃለች። ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው ፍየል ሲያስገዛ ሦስት ነገር ማስፈጸም ይገባዋል። ከብዙ ገበያ ለቃቅሞ ከማስገዛት ይልቅ በሽታ እንደሌለበት ከታወቀ አንድ አገር ያስገዛ፤ የተገዙት ከመንደሩ መንጋ ርቀው 30 ቀን ይቈዩ፤ በነዚያም ቀኖች ተከትበው፤ የትል መድኃኒት ጠጥተው፤ እከክና ቅማል እንደሌለባቸው ታይተው ይታደሉ። ሰላሳው ቀን የማይገኝ ከሆነ ግዢው ለሚመጣው ዓመት ይቈይ። ገንዘቡ ወደ ግምጃ ቤት ቢመለስ የሚያፍረው አንድ ሹም ነው፤ ፍየሎቹ ቢታመሙ ግን የሚከስረው መንደሩ በሙሉ ነው።

ስለ ውጭ አገር ዘር

ብዙ ሹማምንት «የሚታለብ የፈረንጅ ፍየል ይምጣልን» ይላሉ። የስዊስ አገር ፍየሎች ሳነንና ቶገንበርግ በወተታቸው ስመ ጥር መሆናቸው እውነት ነው። አንግሎ ኑቢያን የሚባለውም ዘር በእንግሊዝ አገር የተደባለቀ ሲሆን፤ አባቶቹ ከምሥራቅ፤ ከህንድና ከእኛው ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪቃ ወገን የሄዱ አውራዎች ናቸው፤ ጆሮው የረዘመና የተንጠለጠለ መሆኑም ይህንኑ ይመሰክራል። ይህ ዘር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ በተባለ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ማኅበር ወደ ሐረርጌና ወደ ደቡብ ደጋ አገሮች መጥቶ ከአገር ፍየል ጋራ ተዳቀለ። ፍየሎቹ የተሰጡት ለድኾች ሴቶች በብድር ነበር፤ ብድሩም የሚከፈለው በግልገል ነበር፤ ግልገሉ ደግሞ ለሌላዋ ድኻ ይተላለፋል። ይህ ሥርዐት እጅግ የሚመሰገን ነው፤ በስጦታ የመጣ ፍየል ቶሎ ይታረዳል፤ በብድር የመጣ ግን ይጠበቃል።

ነገር ግን በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ የተደረገና እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ወጪና ገቢውን ሁሉ ደምሮ በመረመረ ጊዜ፤ ድቅሎቹ ከአገሩ ፍየሎች የበለጠ የተጣራ ጥቅም እንዳልሰጡ አገኘ። ጥቅም የጨመረው አያያዙ በተሻሻለበት ቤት ነው፤ ይኸውም መኖውና ሕክምናው በተስተካከለበት ማለት ነው። ይህን ነገር ደጋግማችሁ እንድታስቡበት እለምናለሁ። ብዙ የምትታለብ ፍየል ብዙ የምትበላ ፍየል ናት፤ መኖው ሳይዘጋጅ ደሟን መለወጥ ጤፍ በሌለበት ቤት ሰፊ ምጣድ እንደ መግዛት ይሆናል። የአገራችን ፍየሎች ዐይነታቸው ብዙ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ በኢትዮጵያና በኤርትራ 14 ዐይነት ቈጥሯል። ከነዚህ መካከል በወተት የምትሻለውን መርጦ፤ አብልቶና ጠብቆ መጀመር ይገባል። ይህ በሚገባ ከተሠራ በኋላ የውጭ አውራ ቢመጣ አልቃወምም።

ስለ ምርጫ

ወተት የምትሰጥ ፍየል በገበያ ስትመረጥ አስቀድሞ ጥርሷ ይታይ። ፍየል የፊት ጥርስ ያላት በታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው፤ ቍጥሩም 8 ነው። ሁሉም ጥቃቅን የወተት ጥርስ ከሆነ ከአንድ ዓመት በታች ናት፤ በመካከል 2 ትልልቅ ጥርስ ካወጣች አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል፤ 4 ካወጣች ሁለት ዓመት ያህል፤ 6 ካወጣች ሦስት፤ ስምንቱም ከሞሉ አራት ዓመት ያህል ናት ይባላል። ባለ 2 ወይም ባለ 4 ጥርስ የሆነች፤ አንድ ጊዜ የወለደች ብትገኝ ከሁሉ ትሻላለች፤ ወተቷን በዐይን ማየት ይቻላልና። ከዚያ ግቷ ይዳሰስ፤ ሁለቱ ወገን የተስተካከለ፤ ለስላሳ፤ እብጠትና ድንጋይ የመሰለ ነገር የሌለበት ይሁን። መልካም ግት ሲሞላ ያብጣል፤ ከታለበ በኋላ እንደ ባዶ አቍማዳ ይጨማደዳል፤ ታልቦም ትልቅ ሆኖ የሚቀር ግት ሥጋ እንጂ ወተት አይደለም። ሻጩ እናቲቱን ከግልገሎቿ ጋራ አብሮ ቢያቀርብ ግልገሎቹን ተመልከቱ፤ የእናቲቱን ወተት ከሻጩ አፍ ይልቅ የግልገሎቹ ሆድ በእውነት ይናገራል።

ከአገር ፍየል በቀን ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ወተት ለቤት ቢገኝ መልካም ነው። ይህን ጥቂት ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ሕፃናት ባሉበት፤ ከዚያ በፊት ወተት ባልታየበት ቤት ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ሲኒ ማለት ነው።

ስለ መኖ

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይባላል። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ስለ ችኩል ሰው ቢሆንም፤ ፍየሊቱን በደኅና ተመልክተዋታል። ፍየል እንደ በግ ሣር እየላጨች የምትኖር አይደለችም፤ ራሷን ቀና አድርጋ ቅጠልና ቀንበጥ እየመረጠች የምትበላ ናት። ይህም ጠባይዋ ከትል ይጠብቃታል፤ የሆድ ትል ዕጭ የሚገኘው ከመሬት አጠገብ በርጥብ ሣር ላይ ነውና። ቅጠል አጥታ ሣር እንድትግጥ የተገደደች ፍየል ከበግ ይልቅ በትል ትጐዳለች።

በደረቁ ሲመዘን ፍየል በቀን የምትበላው ከክብደቷ በመቶ ከ3 እስከ 5 እጅ ነው። 30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል እንግዲህ ከ1 እስከ 1 ኪሎ ተኩል ደረቅ መኖ፤ ርጥብ ቅጠል ከሆነ ግን ከ4 እስከ 6 ኪሎ ያስፈልጋታል። ይህን ያህል ቅጠል በየቀኑ ከጐረቤት አጥር መቍረጥ ጠብ ያመጣል፤ ስለዚህ ዛፉ አስቀድሞ ይተከል። በደጋ ትሪ ሉሰርን፤ በወይና ደጋ ሰስባንያ፤ በቈላ ሉኬናና የእርግብ አተር መልካም ናቸው፤ በእርከን ጫፍና በአጥር ዳር ቢተከሉ ከእህል መሬት አይቀንሱም፤ እርከኑንም ሥራቸው ይይዘዋል። ሉኬና ግን የሚጐዳ ነገር ስላለው ከጠቅላላው መኖ ከሦስት እጅ አንዱን እጅ እንዳያልፍ ይሁን። ከአገር ዛፍ ዋንዛና ወይራ፤ የግራርም ፍሬ ለፍየል የተወደዱ ናቸው። የኑግ ፋጉሎ በሚገኝበት አገር ለምትታለበው ፍየል በቀን አንድ ሁለት እፍኝ ቢጨመርላት በወተቷ ወዲያው ይታወቃል። አተላም ጥቂት በጥቂቱ እየለመደች ቢሰጣት ደግ ነው። ጨው፤ አሞሌም ቢሆን ቦሌ፤ ከፊቷ አይጥፋ። ውሃም እንዲሁ፤ ከመቶ የወተት እጅ 87ቱ ውሃ ነውና ውሃ ያልጠጣች ፍየል ምን ልትሰጥ ትችላለች?

ሦስት የመኖ አደጋዎች አሉ። አንደኛው ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ በማገጥ ላይ የተለቀቀች ፍየል ሆዷ ይነፋል፤ ከመውጣቷ በፊት ጥቂት ጭድ ብትበላ ይህ አይደርስባትም። ከነፋት አንድ የቡና ሲኒ የኑግ ዘይት፤ ራሷን ከልክ በላይ ሳያንጋጥጡ፤ ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው፤ በችኰላ ቢያፈስሱት ወደ ሳንባ ይገባል። ሁለተኛው የማሽላ ቡቃያ፤ ይልቁንም ከአጨዳ በኋላ የሚያቈጠቍጠውና በድርቅ የጠወለገው፤ ብርቱ መርዝ አለውና በርጥቡ አይሰጥ። ሦስተኛው እህል ነው፤ ሌሊት ከበረት አምልጣ የሊጥ ቡሓቃ ወይም የእህል ከረጢት ያገኘች ፍየል ልትሞት ትችላለች።

ፍየል አገር ታራቍታለች የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን አገር የሚራቈተው ፍየሊቱ ያለ ጠባቂ ስትለቀቅ ነው። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን በደጁ አስሮ፤ ከማሽላና ከበቆሎ ማሳው ቅጠልና ቡቃያ እየለቀመ፤ በእጁ እያጐረሰ የታወቀውን የሐረር ሰንጋ ያወጣል። በኮንሶም የእርከኑን አገር ለመጠበቅ ከብት በቤት ታስሮ ይቀለባል። ለበሬ የተቻለው ለፍየል አይቻልም የሚል ሰው ምክንያቱን ያስረዳ። እርከን በተሠራበት ተራራ ላይ ፍየል መልቀቅን የሚከለክል ሹም ግን ቅጠሉ ከየት እንደሚቈረጥ አብሮ ማመልከት ይገባዋል፤ መከልከል ብቻ ፍየሊቱን በሌሊት እንድትለቀቅ ያደርጋል።

ስለ ቤቷና ስለ አውራው

ፍየል ብርድን ትችላለች፤ ርጥበትን ግን አትችልም። ቤቷ ወለሉ ከመሬት ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ይሠራ፤ በእንጨቶቹ መካከል አንድ ጣት ያህል ክፍተት ቢቀር በጠጠሩና በሽንቱ አትተኛም። ለአንዲት ፍየል ከአንድ ካሬ ሜትር ተኩል ያላነሰ ስፍራ ይበቃታል። ግርግሙ ከወለል ከፍ ያለ ይሁን፤ በእግሯ የረገጠችውን አትበላምና። ከርብራቡ በታች የሚጠራቀመው ፋንድያ ለቡናና ለጓሮ አትክልት እጅግ የከበረ ነው፤ እኔ የማውቃት አንዲት ሴት ከወተቱ ይልቅ በፋንድያው ትመካለች።

አውራው ለብቻው ይታሰር፤ ሽታው ወደ ወተት ይገባልና። አንድ አውራ ለ25 ወይም ለ30 እንስት ስለሚበቃ እያንዳንዱ ቤት አውራ መያዙ ከንቱ ወጪ ነው፤ ለመንደሩ አንድ ይበቃል። ሴቶች ልጆቹ ለስሪያ ሳይደርሱ፤ ይኸውም ሁለት ዓመት ሳይሞላ፤ ከሌላ መንደር አውራ ጋራ ይለወጥ። ወንዶች ግልገሎች በ4 ወራቸው ከእንስቶች ይለዩ፤ ለዘር ያልተመረጡት ይኰላሹና ሙክት ይሁኑ። በገበያችን ግን መልካሙ ወጠጤ ለበዓል ይሸጥና ለዘር የሚቀረው ገዢ ያጣው ይሆናል። እንዲህ በየዓመቱ ምርጡን አርደን ጕድፉን ለአባትነት እያስቀረን፤ የአገራችን ፍየል አነሰች ብለን እናማታለን።

እንስቲቱ ወንድ ስትሻ ትጮኻለች፤ ጅራቷን ታወዛውዛለች፤ ከመብላት ትከለከላለች። ይህ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቈያል፤ ካልያዘችም በ21 ቀን ያህል ይመለሳል። የአገራችን ፍየል በማናቸውም ወር ስለምትፀንስ የልደቱን ወር መምረጥ የባለቤቱ ፈንታ ነው። በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልቈይ። በኅዳር አጋማሽ የተጠቃች ፍየል በሚያዝያ አጋማሽ ትወልዳለች፤ በልግ በሚዘንብበት አገር ይህ ጊዜ ቅጠሉ የሚለመልምበት ነው፤ ዐቢይ ጾምም ወይ አልቋል ወይ ሊያልቅ ነው፤ ግልገሎቹም ክረምት ሳይገባ ሁለት ወር ይሆናቸዋል። በሰኔና በሐምሌ የተወለደ ግልገል ግን በብርድና በጭቃ ብዙ ጊዜ ይሞታል። በመስከረም የተጠቃችው የምትወልደው በየካቲት ነው፤ በጾሙ 55 ቀን ውስጥ ወተቱ በክርስቲያን መንደር ገዢ ያጣል፤ መኖውም ያኔ ያነሰ ነው። በልግ በሌለበት አገር በሚያዝያ መጨረሻ ቢያጠቁና በመስከረም ማለቂያ ቢያስወልዱ ይሻላል። ለዚህ ሁሉ አውራውን አስሮ ማቈየት ይበቃል።

ስለ ግልገልና ስለ ወተት

ግልገል እንደ ተወለደ እትብቱ በአዮዲን ይነከር፤ ወዲያውም እንገር ይጥባ። እንገሩን ለቤት የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ ይህ ግልገሉን ያለ ጋሻ ወደ ጦርነት መስደድ ነው፤ በሽታ የሚከላከልበትን ኀይል የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነውና፤ አንጀቱም ይህን ኀይል መቀበል የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከ6 ሰዓት በፊት ቢጠባ እጅግ ይሻላል። 2 ኪሎ የሚመዝን ግልገል በመጀመሪያው ቀን 200 ሚሊ ሊትር ያህል ማግኘት ይገባዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ወተቱ ሁሉ የግልገሉ ይሁን። ሦስት ሳምንት ያህል ሲሆነው ሌሊት ከእናቱ ተለይቶ ያድራል፤ ጠዋት እናቲቱ ትታለባለች፤ ከዚያም ቀኑን አብሯት ይውላል። በ3 ወሩ ከጡት ይለያል። እናቲቱም ዳግመኛ ከመውለዷ ሁለት ወር በፊት መታለቧ ይቁም።

አላቢዋ እጇን፤ የፍየሊቱንም ግት በንጹሕ ውሃ ታጥባ ታድርቅ፤ የመጀመሪያውን ጥቂት ጭላጭ በጥቍር ጨርቅ ላይ አልባ ትመልከት። ቅርፍት ወይም ደም ቢታይ ግቱ ታምሟል፤ ወተቱ አይጠጣም፤ ፍየሊቱም ከሌሎች ኋላ ትታለብ። ማለቢያው በወይራ መታጠኑ መልካም ልማድ ነው፤ መፍላትን ግን አይተካም። ጥሬ ወተት የሚያስወርድ በሽታ ካላት ፍየል ወደ ሰው ትኵሳት ያመጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ይፍላ። የፍየል ወተት ስቡ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ክሬሙ ቶሎ አይሰፍፍም፤ ቅቤውም ነጭ ነው፤ ነጭነቱ ጕድለት አይደለም። አንድ ነገር ግን በግልጥ መነገር አለበት፤ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር የፍየል ወተት አይሰጥ፤ ከዚያም በኋላ ብቻውን ምግብ አይሁን፤ ለደም የሚያስፈልገው ፎሌት የተባለው ነገር በውስጡ ያነሰ ነውና።

በእኛ አገር የምታልበው ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ናት፤ ግልገሉን የሚጠብቀው ልጅ ነው፤ ፍየሊቱን ወስዶ የሚሸጠው ግን ባልየው ነው። ሹማምንት ስብሰባ ሲጠሩ የሚመጣውም ባልየው ነው። የጥርስ ቈጠራውን ለእርሱ፤ የግት ነገር ለእርሷ፤ የብድሩን ውል ደግሞ ለሁለቱም ማስረዳት ያስፈልጋል፤ እርሷ ሳትሰማ የተሰጠ ትምህርት ወደ በረቱ አይደርስም።

ስለ ሕመምና አብረው ስለሚረቡ

የዐይን ቆብ የታችኛው ውስጡ ቀይ ሊሆን ይገባዋል፤ ነጥቶ ከተገኘ ትል ደሟን እየመጠጠ ነው። ይህን ማንም ያልተማረ ሰው በጣቱ ገልጦ ማየት ይችላል። የትል መድኃኒት በክረምት መግቢያና ከክረምት መውጫ በኋላ ይሰጥ። ሰኮናዋ ሲረዝም ይከርከም። ድንገት ሞታ ከአፍንጫዋና ከአፏ ጥቍር ደም የሚወጣ ፍየል አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና አትገፈፍ፤ አትበላም፤ ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ ትቀበር፤ ለእንስሳት ሐኪምም ይነገር። ሳል ብቻ የበዛበት፤ የትንፋሽ ማጠርና ትኵሳት ያለበት መንጋ የፍየል ሳምባ በሽታ ይዞት ይሆናል፤ ለዚህም ክትባት አለ።

በዚያው ግማሽ ሄክታር ላይ ዶሮና ንብ ከፍየል ጋራ ይስማማሉ። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቍላል ትጥላለች፤ ብዙ ወጪም አትሻም፤ ፈንግል እንዳይጨርሳት በጊዜው ትከተብ። ማታ በፍየሎቹ ግርግም ላይ እንዳትሰፍር ግን ቆጥ ይሠራላት፤ ኵሷ የወደቀበትን ቅጠል ፍየል አትበላውም። በግ ለመጨመር የሚሻ ሰው የፍየሉ በሽታ የበጉም መሆኑን አውቆ አብሮ ያስከትብ። የንብ ቀፎ ደግሞ ፍየል ከምትታሰርበት ስፍራ መራቅ አለበት፤ ንብ በተቈጣ ጊዜ የተፈታው ሁሉ ይሸሻል፤ የታሰረችው ግን በገመዷ ትቀራለች። ስለዚህ ቀፎው ከቤቱ ጀርባ በአጥሩ ወዲያ ማዶ ይሰቀል፤ የሰስባንያውና የትሪ ሉሰርኑ አበባ ለንቡ፤ ቅጠሉም ለፍየሊቱ ይሆናል።

የፍየል ግዢ ያሰቡ ወረዳዎች የክትባት ጥያቄያቸውን ከግዢው ጥያቄ አስቀድመው ይላኩ። በጥያቄውም ላይ በመንደሩ አስቀድመው ያሉት ፍየሎችና በጎች ቍጥር በተለየ ዐምድ ይጻፍ።